ጣሪያ ላይ የቀረ ፌሮ ፎቅ ለመጨመር ፈቃድ አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂው ጂ+2 ቤት አላቸው። ሲያሠሩት «ወደፊት እንቀጥላለን» ብለው የኮለኑን (የምሰሶውን) ፌሮ ጣሪያው ላይ አስወጥተው ትተውታል። አሁን ሁለት ፎቅ መጨመር አምሯቸዋል። ሠራተኛው «ኮለኑ ወፍራም ነው፣ ይችላል» ብሏቸዋል። እሳቸውም «ዱባይ 163 ፎቅ ቆሞ የለም እንዴ? የእኔ ቤት ሁለት ቢጨመርበት ምን ይሆናል?» ይሉኛል።

ጋሼ፣ እንግዲያው ከዱባዩ እንጀምር። ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ነው። በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁሉም አንጋጦ ጫፉን አየ። ለእኛ ለግንባታ ሰዎች ግን ወሬው ሥሩ ነው። ከታች 3.7 ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ተነጥፏል። ከእሱም በታች 192 የአርማታ ምሰሶዎች ከ40 ሜትር በላይ መሬት ውስጥ ገብተዋል፤ የእያንዳንዱ ወርድ 1.5 ሜትር ነው። ይህ ሁሉ የተቀበረው ከላይ የሚመጣው ክብደት አስቀድሞ ስለታወቀ ነው። ነፋሱም ቢሆን ገና በወረቀት ላይ ሳለ በትንንሽ ሞዴል ተፈትኗል። ሕንፃው ባለ ሦስት ክንፍ የሆነው፣ ወደ ላይ ሲሄድም ደረጃ በደረጃ እየጠበበ የሄደው፣ ነፋሱ በአንድ ዓይነት ምት እየመታ እንዳያወዛውዘው ነው።

የእርስዎን ቤት የደብረ ብርሃን ነፋስ አይጥለውም። ጣጣው ክብደቱ ነው። 15 ሳንቲም ውፍረት ያለው ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ወለል አርማታ፣ በካሬ 375 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መሀል ያለው ኮለን 16 ካሬ ይሸከማል እንበል። ከአንድ ሶሌታ ብቻ 6 ቶን፣ ከሁለት 12 ቶን ይጨመርበታል። ብሎኬቱን፣ ቢሙን፣ ሴራሚኩን፣ ውሃ የሞላውን ሮቶ፣ ተከራዩን ከነዕቃው ገና አልቆጠርኩም። ኮለኑ ቢችል እንኳ ከሥሩ የተቀበረው የመሠረት አርማታ፣ ፉቲንጉስ? ከፉቲንጉ ሥር ያለው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ከሆነስ? መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል።

እኔም በወጣትነቴ «ይችላል» ብዬ አንድ ፎቅ አስጨምሬ አውቃለሁ። በሁለተኛው ክረምት የምድር ቤቱ በር አልዘጋ አለ። እግዜር አተረፈን እንጂ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ስለዚህ ብር ከማውጣትዎ በፊት መጀመሪያ የጸደቀውን ፕላን ያውጡና ፉቲንጉ ለስንት ፎቅ እንደተሰላ ይዩ። ከዚያ ሁለት ኮለን አጠገብ አስቆፍሩ፤ አንዱ ከመሀል፣ አንዱ ከጥግ። የፉቲንጉን ወርድና ውፍረት ይለኩ። ከሥሩ ያለውን አፈር ላቦራቶሪ ይስጡ። የአርማታውን ጥንካሬ ደግሞ መሐንዲስ በመሣሪያ ይፈትሸዋል። በጥፍር ፍቆ «ጠንካራ ነው» የሚልዎትን አይስሙ።

ያ የቀረው ፌሮ ራሱ ስንት ክረምት ተመታ? በብሩሽ ሲጠርጉት ቅርፊት እየጣለ ከሳሳ ዋጋ የለውም። እኛ ፌሮ ስንቀጥል የውፍረቱን 50 እጥፍ እንደርባለን፤ ለ16 ሚሊ 80 ሳንቲም ማለት ነው። የእርስዎ ከዚያ ካጠረ ሌላ መላ ይፈለጋል።

አገሩንም አይርሱት። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚያው ሰሜን ሸዋ ያለችውን ማጀቴን አፍርሷታል። ከላይ ክብደት በጨመርን ቁጥር መሬት ስትናወጥ ቤቱ የሚገፋበት ኃይልም ይጨምራል። ምድር ቤቱን ለሱቅ ብለው ግድግዳ ለማስፈረስ ካሰቡ ደግሞ እሱን ይተዉት።

መሐንዲሱ «ፉቲንጉ አይበቃም» ካለ ማስፋትና ኮለኑን በአርማታ ማልበስ ይቻላል፤ ግን ወጪው ያስደነግጣል። እኔ ብሆን አንድ ፎቅ ብቻ፣ እሱንም አስሰልቼ በብረትና በቆርቆሮ፣ ቀለል አድርጌ እሠራ ነበር። ጓሮ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ለብቻው አዲስ ቤት ይሻላል።

ከተፈቀደልዎ የአርማታውን ቀን ይምረጡ። ዱባዮች በሙቀቱ ወራት አርማታ የሚሞሉት ሌሊት ነበር፤ በረዶም ይጨምሩበት ነበር፣ ሙቀቱ እንዳያሰነጥቀው። የእኛ ተቃራኒው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ እርጥብ አርማታ ያበላሻል። በጠዋት ጀምረው ከሰዓት ይጨርሱ፤ ማታ በጆንያና በላስቲክ ይሸፍኑት። ለፍተሻ ያስቆፈሩትን ጉድጓድ ደግሞ ክረምት ሳይገባ መልሰው ያስደፍኑ፤ በደንብም ያስጠቅጥቁት።