ከትንንሽ ልጆች ጋር ጣና ዳር ፎቶ ልትነሱ ነው? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር የቤተሰብ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። ሠርግም ምርቃትም አነሳለሁ፤ ልቤ ያለው ግን ሕፃናት ጋ ነው። ሙሽራ "ቀና በል" ሲሉት ቀና ይላል፣ የሁለት ዓመት ልጅ ግን መጀመሪያ ጫማውን አውልቆ ይወረውርብሃል። ሰሞኑን አንዲት እናት "ልጆቼን እንዴት አድርጌ ላዘጋጃቸው?" ብላ ጠየቀችኝና መልሱ ረዘመብኝ። ለሁላችሁም አንዴ ልመልስ ብዬ ነው የመጣሁት። ያሻችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የ3 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉኝ። ስንት ሰዓት ብንመጣ ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ እህቴ፣ ትንሹ የሚተኛው ስንት ሰዓት ነው? ቀጠሮውን የሚቆርጠው እሱ ነው፣ ፀሐይ ከእሱ ቀጥላ ነው የምትመጣው። እንቅልፉ የመጣበትን ልጅ የትኛውም ብርሃን አያድነውም።

ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል በጣም ጥሩ ነው። ልጆቹ ቁርስ በልተው ነቅተዋል፣ ሐይቁም ገና አልተረበሸም። ከሰዓት ከሆነ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ግን አትዘግዩ፣ እኛ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ አትለማመጥም፣ ቁልቁል ነው የምትወርደው። ከጠለቀች በኋላ 20 ደቂቃ ብርሃን ብታገኙ ነው። "12 ሰዓት ላይ እንገናኝ" ያለኝ ቤተሰብ ባጃጅ እስኪያገኝ፣ አንዱ ልጅ እስኪሸና፣ ሌላው ውሃ እስኪጠማው ይጨልማል። ቀትሩን ደግሞ እርሱት። በተለይ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ስለምትቆም የሁሉም ሰው ዓይን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ደግሞ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አጋድላ ነው የምትሄደው። እናንተ ሐይቁ እንዲታይ ብላችሁ ልጆቹን ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥታችሁ ስታቆሟቸው ፀሐይዋ ዓይናቸው ውስጥ ትገባለች፣ ያጨነቁራሉ፣ ከዚያ "ዓይንህን ክፈት!" ብላችሁ ትቆጧቸዋላችሁ። ልጁ ምን አጠፋ? ዛፍ ጥላ ሥር አድርጓቸው። ጥላው ውስጥ ጥልቅ ብለው ሳይሆን ጠርዙ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ መልሰው።

ጥያቄ፦ አራታችንም አንድ ዓይነት የሐበሻ ልብስ አሰፍተናል። ለፎቶ ያምራል አይደል?

መልስ፦ ያምራል። ግን ልጆቹ ልብሱን ከፎቶው ቀን በፊት ቤት ውስጥ ለብሰውት ይጫወቱበት። አዲስ ጥበብ አንገት ላይ ያሳክካል፣ አዋቂ ይችለዋል፣ የሦስት ዓመት ልጅ ግን ሙሉውን ሰዓት አንገቱን ሲያክ ነው የምታገኙት። ከሥር ስስ ቲሸርት አድርጉላቸው። ጫማም እንዲሁ፣ ያን ቀን ከካርቶን የወጣ ጫማ አይሁን።

ፀጉር ሹሩባ የምታሠሩ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ አሠሩ። በዋዜማው የተሠራች ልጅ ግንባሯ ተወጥሮ፣ ራሷን እያመማት ነው የምትመጣው፣ ፎቶው ላይም ያስታውቃል።

ነጭ ልብስ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ችግር የለበትም፣ በጠራራ ፀሐይ ግን ነጩ ይነድና ጥለቱ ጭራሽ አይታይም። አንድ ጥቅም ደግሞ አለው። እናትየው ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ልጁን ስትይዘው ከነጠላው የሚመለሰው ብርሃን የልጁን ፊት ከሥር ያበራለታል። እኔ መብራት ይዤ ከመሄድ ይህን እመርጣለሁ። አንድ ዓይነት መልበስ ግዴታ ነው ወይ ላላችሁኝ ደግሞ፣ አይደለም። ባሕር ዳር ዙሪያው አረንጓዴ ስለሆነ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሁሉ ቦግ ብሎ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ወንዱ ልጄ ካሜራ ሲያይ ያለቅሳል። ባለፈው አንድ ስቱዲዮ ወስደነው በከረሜላ እየደለሉ አሥር ጊዜ "ሳቅ በል" ሲሉት ጭራሽ መሬት ላይ ተንከባለለ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ "ሳቅ በል" የሚለው ቃል ከቤታችሁ ይውጣ፣ ከዛሬ ጀምሮ። ታዝዞ የሚስቅ ልጅ ጥርሱን ነው የሚያሳያችሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሦስት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ልክ እንዳንቺው ልጅ እንቢ አለኝ። አባትየው አፍሯል፣ ላቡ ወርዷል፣ "ጨዋ ልጅ እኮ ነው፣ ዛሬ ምን እንደነካው..." ይለኛል። ካሜራውን አንገቴ ላይ ተውኩትና ሣር ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ መሐል አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ወደ ዳር ቀረበ። ልጁ ማልቀሱን አቋርጦ "አባ፣ ጀልባው ሣር ነው?" አለ። አባትየው ቁጭ ብሎ፣ በደንገል እንደሚሠራ፣ ደንገሉ ከሐይቁ ዳር እንደሚታጨድ፣ ውሃ ሲጠጣ እየከበደ ስለሚሄድ ፀሐይ ላይ እንደሚያደርቁት ማስረዳት ጀመረ። ልጁ አንድ እጁን አባቱ ጉልበት ላይ ጣል አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ ይሰማል፣ እንባው ገና ጉንጩ ላይ ነው። ያነሳሁት ያንን ነው። ማንም ወደ እኔ አላየም። አሁን ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል።

ስለዚህ ልጁን ለካሜራው አታዘጋጂው። አንቺና አባቱ ከእሱ ጋር የምትሠሩት ነገር ይኑራችሁ። አኩኩሉ ተጫወቱ። "አልነጋም!" ብሎ ከዛፍ ጀርባ ብቅ ሲል ያለውን ፊት በከረሜላ አትገዢውም። ከረሜላ ደግሞ ጉንጭ ያሳብጣል፣ ምላስም ቀይ ያደርጋል፣ በኋላ የሚቸገረው እኔ ነኝ።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ውሃው ዳር እግራቸውን ነክረው ቢነሱስ? በጣም የሚያምር ፎቶ አይቼ ነበር።

መልስ፦ አይሆንም። እዚህ ላይ አልለሳለስም። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ የሚገባውም በቆዳ ነው፣ ውሃውን ባይጠጡትም ትንሽ መቆም ይበቃዋል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ሲያዩ አነሳላችኋለሁ፣ ያውም አንድ ትልቅ ሰው ክንድ ሊደርስ በሚችልበት ርቀት ተቀምጦ። አመሻሽ ላይ የምትመጡ ደግሞ ለወባ ትንኝ እጅጌ ረጅም ልብስ ያዙ።

ጥያቄ፦ በጀልባ ወደ ገዳማቱ ሄደን እዚያ ዘና ያለ ፎቶ ብንነሳስ? የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ9 ወር ሕፃን አሉን።

መልስ፦ ከ9 ወር ሕፃን ጋር "ዘና ያለ" የሚለውን እዚሁ ተሰናበቱት። ዘጌ ደርሶ መልስ ብቻ ግማሽ ቀናችሁን ይበላል፣ ከሰዓት ደግሞ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ። ለልጅ የሚሆን ልኩ ያለው የሕይወት ጃኬት መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ፣ የአዋቂው ከልጅ ትከሻ ላይ ሾልኮ ይወጣል። የትኛው ገዳም እንደምትሄዱም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፣ አንቺና ልጅሽ ጀልባ ላይ ልትቀሩ ነው። በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሳያስፈቅዱ ካሜራ ማውጣት ነውር ነው። ለእኔ ግን ለፎቶው ብቻ ከሆነ ከተማው ይበቃል። ዘንባባ ተክሉ ያለበት መንገድ በጠዋት መኪና ሳይበዛ፣ ወይ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣ ብሎ ዓባይን ቁልቁል እያዩ። በግንቦት 2016 የተመረቀው የዓባይ ድልድይ ጋም ብዙ ሰው ይነሳል፤ ከሚሯሯጥ ልጅ ጋር ግን መኪና አጠገብ መሆኑን ነፍሴ አይወደውም።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ሰዓት ይፈጃል?

መልስ፦ 40 ደቂቃ። ከዚያ በላይ የሚያስቀምጣችሁ ሰው ልጅ አያውቅም።

ጥያቄ፦ እናቴ ከደብረ ታቦር እየመጣች ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። እንዴት እናድርግ?

መልስ፦ እማማን መጀመሪያ እናነሳለን። ወንበር ከቤት ያዙላቸው፣ ሣር ላይ አይቀመጡ፣ መነሣቱ ነው የሚከብዳቸው። እሳቸው ከተቀመጡ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው እየሄዱ ይለጠፉባቸዋል፣ እኔ ምንም አላዝዝም። ደግሞ እማማ ካሜራ ሲያዩ ኮስተር ይሉ ይሆናል፣ አታስቸግሯቸው። በእሳቸው ዘመን ፎቶ እንደዚያ ነበር፣ ለእኔም ያ ኮስታራ ፊት ያምርብኛል።

ጥያቄ፦ ፎቶ አንሺ ለመክፈል አቅም የለንም። ስልክ ብቻ ነው ያለን።

መልስ፦ ይበቃችኋል፣ እውነቴን ነው። መጀመሪያ የካሜራውን መስታወት በልብሳችሁ ጥረጉት፤ ልጅ የነካው ስልክ ቅባት አለው፣ ያ ጭጋግ የሚመስለው ነገር እሱ ነው። ከዚያ በርከክ በሉ፣ ስልኩ በልጁ ዓይን ልክ ይሁን። በጣታችሁ ወደ ውስጥ እየሳባችሁ ከማቅረብ በእግራችሁ ቅረቡ። ከኋላ ሐይቅ ካለ ስልኩ የሐይቁን ብርሃን አይቶ የኛን ፊት ያጠቁረዋል። የልጁን ፊት በጣታችሁ ነካ አድርጉና ብርሃኑን ትንሽ ወደ ላይ ግፉት። ሐይቁ ቢነጣ ይንጣ፣ ሐይቁ የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ "ይሄ ሁሉ ጣጣ ለፎቶ?" ይላል።

መልስ፦ ለእሱ ሥራ ስጪው። ልጁን ትከሻው ላይ ይሸከም። አባቶች እጃቸውን የሚያደርጉበት ሲያጡ ነው የሚነጫነጩት።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ነን፣ እስከ ጥቅምት እንጠብቅ?

መልስ፦ ደመና ለፊት ከፀሐይ የተሻለ ነው፣ ማንም አያጨነቁርም። ዝናቡ ነው እንጂ ጠላታችን፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ጠዋቱን እንሻማለን። ቅያሪ ልብስና ፎጣ ያዙ፣ ጭቃው ይጠብቃችኋል። መታገሥ ከቻላችሁ መስከረምን ጠብቁ፣ አደይ አበባ መሐል የቆመ ልጅ ሌላ ማስዋቢያ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ምን ምን ይዘን እንምጣ?

መልስ፦ ውሃ፣ እርጥብ ሶፍት፣ ሙዝ ወይ ዳቦ ቆሎ። ማንጎ እንዳታመጡ! አንድ ጊዜ የራሴን ልጅ ነጭ አልብሼ ማንጎ ሰጥቻት ቀሚሱ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፣ ያውም ፎቶ አንሺ ነኝ ባይ። ልጁ የሚወዳት አሮጌ አሻንጉሊት ወይ ብርድ ልብስ ካለች እሷም ትምጣ፣ ፎቶው ውስጥ ብትገባም አትፈሩ።

ጥያቄ፦ የልጆቼ ፎቶ ፌስቡክ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም። ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ከመነሳታችሁ በፊት ለፎቶ አንሺያችሁ በግልጽ ተናገሩ፣ በጽሑፍ ላኩለት። "ለማስታወቂያ ብቻ ነው" ቢላችሁም መልሳችሁ ያው ይሁን። ፊቱን አጥቁሮ የሚቀበላችሁ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ትልቋ 6 ዓመቷ ነው፣ "እኔ ነኝ የማነሳው" እያለች ታስቸግራለች። ቤት ትቅር?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ካሜራውን እሰጣታለሁ። አንቺንና አባቷን ታነሳችኋለች፣ ግማሹ አናት የተቆረጠ ነው፣ ግማሹ ሰማይ ብቻ ነው። ግን እሷን እያያችሁ የምትስቁትን ሳቅ እኔ አላገኘውም፣ አንዱን አሳጥቡት። ገመዱን አንገቷ ላይ ማጥለቅ ግን የኔ ግዴታ ነው፤ ካሜራዬን ጣና ውስጥ መፈለግ አልችልም።