«ስሊንግ» ወንጭፍ ብቻ ነውን? የጎረቤቶች ጥያቄና መልስ

በቱሉ ዲምቱ የምንኖር ጎረቤታሞች በየጊዜው አንድ ቃል እየመረጥን እንጠያየቃለን። የዚህ ዙር ቃል «ስሊንግ» የሚለው እንግሊዝኛ ሲሆን፣ አማርኛ ሳስተምር የኖርሁ በመሆኔ የመመለሱ ተራ ለእኔ ደርሷል።

ጥያቄ፦ የልጄ መዝገበ ቃላት «ወንጭፍ» ይላል፤ የሐኪም ወረቀት ላይ ግን የተሰበረ እጅ የሚያዝበት ጨርቅ ሆኖ አገኘነው። የትኛውን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ይመኑ። እንግሊዝኛው የሚወረውረውንም የሚሸከመውንም በአንድ ስም ሲጠራ፣ አማርኛ ግን ይለያቸዋል፤ የያዘውን የሚለቅ ከሆነ ወንጭፍ ነው፣ ይዞ የሚቆይ ከሆነ ሌላ ስም አለው። ጠመንጃ የሚነገትበት ጠፍር ማንገቻ፣ ሕፃን የሚታዘልበት አንቀልባ፣ ክንድ ከአንገት የሚንጠለጠልበት ጨርቅ ማንጠልጠያ ይባላል፤ እናቶቻችን ለዚህ የሚያውሉት ነጠላቸውን ነበር። «ክንዱ በወንጭፍ ታስሯል» የሚል ትርጉም አንድ ጊዜ አንብቤ፣ ሰውየው ሊወረወር ነው እንዴ ብዬ ነበር።

ጥያቄ፦ ዳዊት የተጠቀመው ልጆቻችን ወፍ የሚያባርሩበትን ባለ ላስቲክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ባላ እንጨት ላይ የከመነዳሪ ላስቲክ ታስሮ የሚሠራው የጎማ ዘመን ልጅ ነው። የጥንቱ ወንጭፍ ግን መሐሉ ላይ ድንጋይ የሚቀመጥበት ሰፋ ያለ ማቀፊያ ያለው ገመድ ነው። አንደኛው ጫፍ ቀለበት ተበጅቶለት በጣት ላይ ይጠለቃል፣ ሁለተኛው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይያዛል፤ ከዚያ ይሽከረከርና ትክክለኛው ቅጽበት ሲደርስ ሁለተኛው ጫፍ ብቻ ይለቀቃል። ጥበቡ ያለው ከክንዱ ጉልበት ይልቅ በመልቀቂያው ቅጽበት ላይ ነው። ዳዊት ከወንዝ 5 ድንጋዮች መርጦ ጎልያድን በአንዱ እንደ ጣለው በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 17 ተጽፏል፤ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ደግሞ ወንጭፋቸው ፀጉር እንኳ የማይስት 700 ግራኞችን ያነሣል። በግእዝ የመሣሪያው ስም ሞፀፍ ነው።

ጥያቄ፦ ሳተላይት «ተወነጨፈች» ማለት ያስኬዳል?

መልስ፦ ያስኬዳል። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትነሣ «መጠቀች» ያሉም «ተወነጨፈች» ያሉም ነበሩ። እኔ ለሮኬቱ መወንጨፍን፣ ለሳተላይቷ መምጠቅን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ግንባታ ላይ እሠራለሁ። ክሬኑ ብረት የሚያነሣበት ቀበቶም «ስሊንግ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ምን እንበለው?

መልስ፦ ማንሻ ቀበቶ ማለት ይበቃል፤ ከስሙ ይልቅ አያያዙ ያሳስበኛል። 1000 ኪሎ በሁለት ቀበቶ ሲነሣ፣ ቀበቶዎቹ ቀጥ ብለው ከወረዱ እያንዳንዱ 500 ኪሎ ይሸከማል። ዘመም ብለው ከአግድም መስመር ጋር 60 ዲግሪ ሲሠሩ ወደ 577፣ 30 ዲግሪ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ሙሉውን 1000 ኪሎ ይሸከማል። ስለዚህ ሸክሙ ሰፊ ሲሆን አጭር ቀበቶ ወጥሮ ከማንሣት ረዘም ያለውን ማምጣት ይሻላል።