ለጽሑፍ ጌምህ፦ ክፍሎቹን ከኮዱ አውጣቸው

ተጫዋቹ ቃል እየጻፈ ከክፍል ወደ ክፍል በሚሄድበት ጌምህ፣ ክፍል በጨመርክ ቁጥር ኢፉ (if፣ «እንዲህ ከሆነ ይሄን አድርግ» የሚለው ትእዛዝ) የሚተበተብብህ የክፍሎቹን ካርታ ኮዱ ውስጥ ስለጻፍከው ነው። ክፍሎቹን አንድ የፓይተን ዲክሽነሪ (በስም እየፈለግክ መረጃ የምታወጣበት ማስቀመጫ) ውስጥ ሰብስባቸው፦ ስም፣ መግለጫ፣ በየአቅጣጫው የሚያደርሰው ክፍል። ተጫዋቹ «ሰሜን» ሲል ኮዱ ያለበትን ክፍል ከፍቶ «ሰሜን» የሚለውን ይፈልጋል። ካለ ይወስደዋል፣ ከሌለ «በዚህ በኩል መንገድ የለም» ይለዋል። በቃ። መቶ ክፍል ብትጨምርም ኮዱን አትነካውም።

ፕሮግራመሩ ዊል ክራውዘር እ.ኤ.አ. በ1976 አካባቢ ፎርትራን በሚባል የቆየ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የጻፈው የዋሻ ጌምም ክፍሎቹንና መንገዶቹን የሚያነበው ከዳታ ፋይል ነበር። እኔን ፕሮግራሚንግ ውስጥ ያስቀረኝ ይሄ ነው፤ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ስትጽፍ አዲስ ዋሻ ይከፈታል!

የመመለሻ መንገዱን ግን አደራ። ከአዳራሹ በሰሜን ጓዳ ካለ፣ ጓዳው ላይም «ደቡብ፦ አዳራሽ» ብለህ ጻፍ። የጀማሪዎችን ኮድ ሳይ ቶሎ ቶሎ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው፤ ተጫዋቹ ገብቶ መውጫ ያጣል።