ፍሬሚንግ መግባቱ አይከብድም፤ ከተሸካሚነት መውጣቱ እንጂ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? 26 ዓመቴ ነው። በዲቪ አሜሪካ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ። አገር ቤት እያለሁ ሕንፃ ላይ የካሳፎርማ አናጢ ነበርኩ። እዚህ የሚሠሩትን የእንጨት ቤቶች ሳይ ‹ይሄማ የኔ ሥራ ነው› እላለሁ፤ ግን በየት በኩል እንደሚገባ አላውቅም። እንግሊዝኛዬም ገና ነው። አንድ የማውቀው ሰው ‹ና፣ በካሽ እከፍልሃለሁ› ብሎኛል። ሌሎች ደግሞ ወገብህን ይጨርሰዋል እያሉ ያስፈራሩኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። መግቢያውን እንዲህ አትፍራው። ተቀጥሮ ፍሬም፣ ማለትም የእንጨት ቤቱን አጥንት፣ ለመሥራት ዲፕሎማ የሚጠይቅህ የለም። ፈቃድ የሚጠየቀው በራሱ ስም ሥራ የሚይዘው ኮንትራክተር ነው፤ ሕጉም እንደየስቴቱ ይለያያል። የሥራ ፈቃድ እንዳትል ግሪን ካርድ አለህ። ጠዋት በሰዓቱ የሚደርስ፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ የሚያስቀምጥ፣ ሸክም የማይፈራ ልጅ ሁሌም የሚወስደው ቡድን አያጣም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከገባህ በኋላ ያለው ነው። ሦስትና አራት ዓመት ሙሉ እንጨት ከክምሩ ወደ ግድግዳው ሲያመላልሱ የቀሩ ልጆች አሉ። ጎበዝ ተሸካሚ ስለሆኑ አለቃቸው ከዚያ ሊያነሳቸው አልፈለገም፤ እነሱም አፍ አውጥተው አልጠየቁም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይንህ መዶሻው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ ይሁን። በዚህ ሙያ ደመወዝ የሚጨምረው ምልክት ለሚያደርገው ሰው ነው።

ምልክት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይህ። እዚህ አገር የቤት ግድግዳ ማለት ከታች አንድ አግዳሚ፣ ከላይ ሁለት ተደራራቢ አግዳሚ፣ በመሐል ደግሞ ቋሚዎች ናቸው። አግዳሚውን ፕሌት፣ ቋሚውን ስተድ ይሉታል። ስተዶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከመሐል እስከ መሐል 16 ኢንች ይራራቃሉ። ፎርማኑ ግን ሜትሩን ፕሌቱ ጫፍ ላይ ሰክቶ የመጀመሪያውን መስመር 16 ላይ አያሰምርም። 15 1/4 ላይ ያሰምርና ከመስመሩ ወዲያ ኤክስ ይጽፋል፤ ስተዱ የሚቆመው ኤክሱ ላይ ነው።

ለምን መሰለህ? ቱ ባይ ፎር የሚባለው እንጨት ስሙ 2 በ4 ይሁን እንጂ ተልጎ ሲያልቅ 1 1/2 በ3 1/2 ኢንች ነው። የውፍረቱ ግማሽ 3/4 ይሆናል። ያንን ከ16 ስትቀንስ ጠርዙ 15 1/4 ላይ፣ መሐሉ ልክ 16 ላይ ይውላል። ከዚያ በየ16 እየጨመርክ ስትሄድ አንዱ ስተድ መሐሉ 48 ላይ ይመጣል። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ኦኤስቢ (ከእንጨት ስንጥር ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ወርዱ 48 ኢንች ስለሆነ፣ ቆሞ ሲለጠፍ ጠርዙ እዚያ ስተድ ግማሽ ላይ ያርፋል፤ ቀሪው 3/4 ለሚቀጥለው ሰሌዳ ይተርፋል። ተሳስተህ የመጀመሪያውን መስመር 16 ላይ ብታሰምረው ያ ስተድ ከ48 እስከ 49 1/2 ያለውን ይይዛል። ሰሌዳው እንጨቱ ጠርዝ ላይ ደርሶ ያልቃል፤ ሚስማር የሚይዝበት ቦታ የለውም። አንዲት 3/4 ኢንች ሙሉ ግድግዳ ታስፈርሳለች። በርና መስኮት ላይ ሲደርስ፣ ደረጃ ሲመጣ፣ የጣሪያ ተዳፋት ሲቆረጥ ስሌቱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ሥሩ ግን ይኸው ነው።

ካሳፎርማ መሥራትህ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። ሲባጎ መወጠር፣ በውሃ ልክና በቱንቢ ማስተካከል፣ ሁለቱን ሰያፍ ለክቶ እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ትክክል ነው ማለት፣ ይህን ሁሉ ታውቀዋለህ። የ3፣ 4፣ 5 ሦስት ማዕዘንም እዚህ በየቀኑ ይሠራል። የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ግድግዳው ወለሉ ላይ ተኝቶ ይሠራል፣ ይቆማል፣ ሌላው ይቀጥላል። ሲቀጠሩ «ኤክስፔሪያንስ የለኝም» የሚሉ የአገራችን ልጆች ያናድዱኛል። «ኮንክሪት ፎርምወርክ ሠርቻለሁ» በል፤ ፎርማኑ ይገባዋል።

የሚያስቸግርህ ኢንቹ ነው። እኛ በሴንቲ ያደግን ሰዎች ክፍልፋይ ላይ እንደናገራለን። ሜትሩ ላይ ኢንቹ 16 ቦታ ተከፍሏል፤ ያንን ሳታስብ ማንበብ አለብህ። የ25 ጫማ ሜትር ግዛና ቤትህ ያለውን በር፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ ሁሉ ለካ፤ ቁጥሩን ድምፅህን አውጥተህ በእንግሊዝኛ ተናገረው። ግድግዳ ላይ ያለው ሰው ልኬቱን የሚጮኸው ለቆራጩ ነው። «ናይንቲ ቱ ኤንድ ፋይቭ ኤይትስ» ሲል 92 5/8 መሆኑን ወዲያው ካልሰማህ እንጨቱ ይበላሻል። (ይህን ቁጥር ቶሎ ቶሎ ትሰማዋለህ፤ ለ8 ጫማ ክፍል ተቆርጦ የሚመጣው የስተድ ቁመት ነው። ሦስቱ ፕሌት 4 1/2 ሲጨመርበት 97 1/8 ይሆናል፤ ከ8 ጫማ፣ ማለትም ከ96 ኢንች፣ የሚተርፈው ለኮርኒስና ለወለል ልባስ ነው።) በየ16 ኢንቹ ሜትሩ ላይ ያለው ምልክትም ለጌጥ አይደለም፤ ለስተድ ነው። ትንሿ ጥቁር ዳይመንድ ደግሞ በየ19.2 ኢንች የምትመጣው 8 ጫማን ለአምስት ስለምታካፍል ነው።

ስለ እንግሊዝኛህ ይህን ያህል አትጨነቅ። ሳይቱ ላይ የሚያስፈልግህ ቁጥር፣ የዕቃ ስምና «ተጠንቀቅ» የሚለው ነው። በብዙ ስቴት ቡድኑ ውስጥ የሚነገረው ስፓኒሽ ስለሆነ የእሱንም ቁጥር ብታጠና ቶሎ ትወደዳለህ።

በየት በኩል ልግባ ላልከው፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ አንድ ሁለት ቅዳሜ ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ጋ በነፃ እሠራ ነበር። ከ1976 ጀምሮ ቤት ለሚቸገሩ ቤት የሚሠራ ድርጅት ነው። ልምድ አይጠይቁም፤ ግድግዳ ሲሠራና ሲቆም እጅህን አስገብተህ ታያለህ። ከፍታና ፀሐይ ካልተስማማህ መጋዘኑን ሳትለቅ ታውቀዋለህ። ከተስማማህ አዲስ ሰፈር ወደሚሠራበት ሂድና ምሳ ሰዓት ላይ ፎርማኑን አነጋግር። ጠዋት ሥራ ሲከፋፍል አትሂድበት፤ አይሰማህም። «እንጨት እሸከማለሁ፣ ሜትር አነባለሁ፣ ነገ መጀመር እችላለሁ» በቂ ነው።

ሁለተኛው በር አፕረንቲስሺፕ ነው፤ እየሠሩ መማር። የተመዘገበ የአናጢነት ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ይፈጃል። በዓመት 2,000 ሰዓት ያህል ሥራ ላይ፣ 144 ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ ትሆናለህ፤ ደመወዙም እየተማርክ በየደረጃው ይጨምራል። በ1881 የተመሠረተው የአናጢዎች ማኅበር በየአካባቢው ማሠልጠኛ አለው። ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ የማኅበሩ ሥራ በአብዛኛው ትልልቅ ሕንፃ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ፍሬም የሚይዙት በብዛት ከማኅበሩ ውጪ ያሉ ትናንሽ ኮንትራክተሮች ናቸው። ካሳፎርማ ስለምታውቅ የማኅበሩ በር ላንተ ከሌላው ሰው ይልቅ ሰፊ ነው። በእንጨት ቤቱ ልብህ ካልተሰቀለ በቀር ሁለቱንም እኩል አመልክት እልሃለሁ።

ዕቃ ብለህ ገንዘብህን አትጨርስ። ዕቃ የሚያዝበት የወገብ ቀበቶ፣ ሜትር፣ ባለሦስት ማዕዘኑ ስፒድ ስኩዌር፣ መዶሻ፣ የቾክ ክር፣ ቢላዋ፣ እርሳስ፣ ጥሩ ጫማ። መጋዝና የሚስማር ሽጉጥ የአለቃህ ናቸው።

ቡድኑን ስትመርጥ ግን ዓይንህን ክፈት። ሥራ ከመጀመርህ በፊት አሥር ደቂቃ ቆመህ እያቸው። የላይኛው ፕሌት ላይ እንደ ድመት የሚራመድ ሰው ካየህና የደህንነት ቀበቶም መከላከያም ከሌለ፣ ያ ቡድን አንተንም እዚያ ያወጣሃል። በኮንስትራክሽን ብዙ ሰው የሚሞተው በመውደቅ ነው። የኦሻ (የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት) ሕግ ከ6 ጫማ ጀምሮ የመውደቅ መከላከያ ያስገድዳል፤ ወጪውም የአሠሪው ነው። የደህንነት ሥልጠናውንም በሚገባህ ቋንቋ ሊሰጥህ ይገባል። የሚስማር ሽጉጡን ደግሞ ራስህ ጠይቅ። አንዱ ዓይነት ቃታውን ይዘህ አፉን እንጨት ላይ ባስነካህ ቁጥር ይተኩሳል፤ ይፈጥናል፣ ግን ጉልበትህ ላይ ሲነካም አይምርህም። ሌላው መጀመሪያ አፉን አስነክተህ፣ ከዚያ ቃታውን ካልሳብክ አይተኩስም። ጀማሪ በሁለተኛው ይጀምራል። «እሱ ያዘገያል» የሚል አለቃ ካጋጠመህ ስለ ጣቶችህ ያለውን ሐሳብ ነግሮሃል።

ሌላም ጠይቅ፦ «ምልክት የሚያደርገው ማነው? ከስድስት ወር በኋላ እኔም እለማመዳለሁ?» ሳቅ ብሎ «እስቲ መጀመሪያ ሥራ» ቢልህ ችግር የለም። «አንተ ምን አገባህ» ካለህ ግን ሌላ ፈልግ።

የወገብህ ነገር እውነትነት አለው። አንድ 7/16 ኦኤስቢ ሰሌዳ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በቀን ስንት እንደምታነሳ ገምት። ዕድሜ ልካቸውን የሚሸከሙት ይጎዳሉ። ቆራጭ፣ ከዚያ ምልክት አድራጊ፣ ከዚያ መሪ የሆነው ግን ሸክሙ እየቀነሰለት ይሄዳል። ቶሎ ተማር እያልኩ የምጨቀጭቅህ ለዚህም ነው። በኋላ ግምት ሠሪ ወይም የሕንፃ ተቆጣጣሪ የሆኑም አሉ።

ስለ ገቢው ደግሞ፣ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2023 የአናጢዎችን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 56,350 ዶላር አድርጎ አውጥቷል። ይህ ሁሉንም ዓይነት አናጢ ያጠቃልላል፤ ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል፤ ጀማሪ በታች ነው። ሥራውም የቤት ገበያን ይከተላል። በ2005 በአገሩ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤት ተጀምሮ ነበር፤ በ2009 ወደ 554,000 ወረደ። ቅዝቃዜ ባለበት ስቴት ክረምት ላይም ይቀዘቅዛል። የሦስት ወር ወጪ ሳትይዝ መጋዘኑን አትልቀቅ።

አሁን ወደ ካሹ። በካሽ መክፈል ራሱ ወንጀል አይደለም፤ ታክስ ሳይቆረጥና ሳይመዘገብ መክፈል ነው ችግሩ። ሰውዬው ሰዓትህን የሚወስን፣ ምን እንደምትሠራ የሚያዝ፣ ዕቃውን የሚያቀርብ ከሆነ አንተ ተቀጣሪ ነህ፤ ደብሊው-2 የሚባለውን የተቀጣሪ ደመወዝና ታክስ ወረቀት ሊሰጥህ ይገባል። 1099፣ ማለትም ለራሱ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠውን ወረቀት፣ ከሰጠህ የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና) መዋጮውን 15.3 በመቶ ሙሉውን አንተ ትከፍላለህ፤ ከ40 ሰዓት በላይ ስትሠራ የሚገባህ የአንድ ተኩል ክፍያም ይቀራል። ጭራሽ ወረቀት ከሌለማ ለጡረታ የሚያስፈልጉህ 40 ክሬዲቶች (ሠርተህ የምታጠራቅማቸው ነጥቦች) አይቆጠሩልህም፤ ስትወድቅ የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ ለማግኘት መጀመሪያ እዚያ መሥራትህን ማስረዳት ሊኖርብህ ነው። ዜግነት ስታመለክትም ታክስ መክፈልህን ይጠይቁሃል። ወዳጅህ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ እሱም እንዲሁ ተከፍሎት ይሆናል። ነገ ደውልለትና «በደብሊው-2 ከሆነ ሰኞ እመጣለሁ» በለው። እሺ ካለ ሜትርህን ይዘህ ሂድ። እምቢ ካለ አመስግነህ ተወው፤ ቅዳሜ ሃቢታት ጋ እጅህን ፈታ፣ የማኅበሩንም ማመልከቻ በዚያው ሳምንት አስገባ።