አየር ማውጣት ማብሰል አይደለም፦ ምግብን በጃር ስለማሸግ ጥያቄና መልስ

ምግብን በመስታወት ጃር አድርጎ አየሩን በማውጣት ስለማሸግ የመጡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ጃር ስል ክዳኑ ሁለት ክፍል የሆነውን ማለቴ ነው፤ አንዱ ዙሪያው ከሥሩ ጎማ የተቀባ ጠፍጣፋ ክዳን፣ ሌላው በጥርስ የሚጠብቅ ቀለበት። የጠባብ አፉ ክዳን 70 ሚሊ ሜትር፣ የሰፊ አፉ 86 ሚሊ ሜትር ነው። ቆብ የምለው ደግሞ ጃሩ አፍ ላይ ተደፍቶ አየር ከሚስበው ማሸጊያ ማሽን ጋር በቱቦ የሚገናኘውን ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ሾርባ አብስዬ በጃር አሽጌ መደርደሪያ ላይ ባስቀምጠው ስንት ወር ይቆይልኛል?

መልስ፦ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ ቦታው ፍሪጅ ነው። ሰው የሚገድለው ስህተት ይህ ስለሆነ ቀድመን እንጨርሰው። ማሽኑ አየር ያወጣል እንጂ ምንም ነገር አይገድልም። አየር ሲያንስ ሻጋታ ይዳከማል፣ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ ግን የሚመቸው አየር የሌለበት ቦታ ነው። ስፖሩ፣ ማለትም ተኝቶ የሚቆየው ጠንካራ ዘሩ፣ ተራ ማፍላትን ይቋቋማል። እርጥበት፣ ዝቅተኛ አሲድ (የአሲድ መለኪያው ፒኤች ከ4.6 በላይ) እና የክፍል ሙቀት ካገኘ በቅሎ መርዝ ያመነጫል። ምግቡ ላይሸት፣ ጣዕሙም ላይቀየር፣ ክዳኑም ላያብጥ ይችላል። በጃር ታሽጎ መደርደሪያ ላይ የሚቆይ ሾርባ በግፊት ድስት 116 እስከ 121 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ በተመረመረ ደቂቃ ልክ የሚሠራ ነው፤ እሱ ሌላ ሙያ ነው። አሽገሽም ቢሆን ሾርባሽ ፍሪጅ ውስጥ ሳይታሸግ ከሚቆይበት 3 ወይም 4 ቀን አይበልጥም። አንዳንዶቹ የዚህ ባክቴሪያ ዝርያዎች በ3 ዲግሪ እንኳ ስለሚያድጉ ፍሪጅ ውስጥ ነው ብሎ ሳምንታት ማቆየት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ምን ምን ላሽግ?

መልስ፦ ለደረቅ ነገር። ሩዝ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ አጃ፣ ያልተፈጨ ቅመም፣ ብስኩት፣ በደንብ የደረቀ ፍራፍሬ። እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች የሆነ ምግብ አስተማማኝ ነው፤ ብስኩት ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት፣ የደረቀ አትክልትም እንደዚያው። ትልቁን ጥቅም የምታዩት ቅባት ባለው ነገር ላይ ነው፦ ለውዝ፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ቡናማ ሩዝ፣ ከነገለባው የተፈጨ ዱቄት። እነዚህን የሚያበላሻቸው ዘይታቸው ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ያንን የቆየ ዘይት ሽታ ሲያመጣ ነው። አየሩን አውጥታችሁ ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር ብታስገቧቸው ደግሞ የበለጠ ይቆያሉ፤ ሙቀት ይህን ብልሽት ያፋጥነዋል፣ ብርሃንም እንዲሁ። መስታወት ብርሃን ያሳልፋልና ጃሩ ጨለማ ቦታ ይሁን።

ነጭ ስኳርና ጨው ማሸግ ድካም ነው። አየር አያበላሻቸውም፤ ክዳኑ ገጥሞ እርጥበት ካልገባ ይበቃቸዋል።

ጥያቄ፦ ማሽኑን ገና ነው የገዛሁት። አሠራሩን ከመጀመሪያው ብትነግሩኝ።

መልስ፦ ጃሩና ክዳኑ ታጥበው ፍጹም ይድረቁ። ምግቡን ስትሞላ ከላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተው። የጃሩን ከንፈር በደረቅ ጨርቅ ጥረግና ጣትህን በዙሪያው አሽከርክር፤ ጣትህን የሚይዘው ስንጥር ወይም ጉድፍ ካለ ያ ጃር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጠፍጣፋውን ክዳን ብቻ አስቀምጥ፣ ቀለበቱን ግን አታጥልቅ፤ አየሩ የሚወጣው ክዳኑ ትንሽ ከፍ እያለ ስለሆነ ቀለበት ካለ መውጫ አያገኝም። ቆቡን እስከ ታች ተጭነህ አልብስ፣ ቱቦውን አገናኝ፣ ማሽኑን በዕቃ ማሸጊያው ቁልፍ አስነሳ። የሞተሩ ድምፅ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ 10 ሰከንድ ያህል ጨምርለት።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይመጣል። ቱቦውን ከቆቡ ላይ ባንዴ ንቀለው። አየር በድንገት ሲገባ ክዳኑን ከላይ ይጫነዋል። ቀስ እያልክ ብታላቅቀው ወይም ቆቡን ቀድመህ ብታነሳው አየሩ በክዳኑ ጎን ሾልኮ ጃር ውስጥ የመግባት ዕድል ያገኛል። ቱቦው ከተነቀለ በኋላ ቆቡን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አንሳ።

ለማረጋገጥ የክዳኑን መሃል ተጫን፤ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ቀጭ ካላለ ይዟል። ቀጥሎ የክዳኑን ጠርዝ ብቻ በጣቶችህ ይዘህ ጃሩን ከጠረጴዛው አንድ ሴንቲ ከፍ አድርገው። ጥሩ ማሽን የያዘው ጠባብ አፍ ክዳን ላይ የሚያርፈው የአየር ጫና ወደ 20 ኪሎ ስለሚጠጋ ጃሩን ያለ ችግር ያነሳዋል።

ጥያቄ፦ ማሽኑ ይስባል፣ ድምፁም ትክክል ነው፤ ቆቡን ሳነሳው ግን ክዳኑ አብሮ ይመጣል። ሦስት ጃር ሞክሬ ሦስቱም እምቢ አሉኝ።

መልስ፦ ሦስቱም እምቢ ካሉ ጥፋቱ ከጃሩ ይልቅ የቆቡ ወይም የክዳኑ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጊው።

መጀመሪያ ቱቦው። ጫፎቹ እስከ መጨረሻ ገብተዋል? አንዱን ጫፍ በአውራ ጣትሽ ዝጊና ማሽኑን አስነሺ፤ ጣትሽን አጥብቆ ካልሳበ አየር የሚያስገባው እዚያ ነው። ቀጥሎ በቆቡ ውስጥ ያለውን የጎማ ቀለበት አውጥተሽ ተመልከቺ፤ ዱቄት ወይም ፍርፋሪ ከሥሩ ከገባ አይዝም። ሦስተኛ ክዳኑ። ብዙ ጊዜ ተደራርቦ የቆየ ክዳን ጎማው ደርቆ ይጠነክራል። ሙቅ ውኃ ውስጥ (የፈላ አይሁን) ለጥቂት ደቂቃ ነክረሽ በደንብ አድርቂና እንደገና ሞክሪ፤ ለስላሳ ጎማ ከንፈሩ ላይ ይተኛል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ሁለት ክዳን ደርቢ። የመጀመሪያውን እንደ ወትሮው፣ ሁለተኛውን በላዩ አድርገሽ ቆቡን አልብሺና ሳቢ። የታችኛው ሳይዛነፍ ቁጭ ይላል፤ ሲያልቅ የላይኛውን ታነሺዋለሽ። በተለይ ጠባብ አፍ ላይ ይህ ዘዴ ብዙ ሰው አድኗል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ የለኝም። በእጅ ፓምፕ ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ ይሆናል። መካኒኮች የፍሬን ዘይት ለማውጣት የሚጠቀሙበት ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ያለው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ፣ ማለትም አየር የሚስብ ፓምፕ፣ ከዚሁ ቆብ ጋር በቱቦ ይገጥማል፤ ብዙ ርካሽ ማሽኖችን ይበልጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ ይሁን። የፍሬን ዘይት አንዴ የነካው ፓምፕ የቱንም ያህል ቢታጠብ ወደ ምግብ አይመጣም። የብስክሌት ጎማ መንፊያ ግን አየር ይገፋል እንጂ አይስብም፤ ውስጡን ገልብጦ ካልሠራው በቀር አይረባም።

ጥያቄ፦ በፓምፑ መመሪያ ላይ 25 ኢንች ሜርኩሪ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይደርሳል ይላል፤ የኔ ከ18 ወይም 19 አያልፍም። የምኖረው ከፍታ ቦታ ነው። ፓምፑ ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም። ጌጁ የሚያሳይህ ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ወለል የውጭው አየር 30 ኢንች ገደማ ይጫናል፤ 2500 ሜትር ላይ 22 ገደማ ብቻ። ስለዚህ እዚያ የትኛውም ፓምፕ 25 ሊያሳይ አይችልም፣ ከ22 ውስጥ 18 መድረስ ታች ከ30 ውስጥ 25 እንደመድረስ ነው። ጃሩ ውስጥ የቀረው አየር ከነበረው አንድ ስድስተኛ ያህል ነው፤ ይበቃል። ታች አሽገኸው ወደ ከፍታ የምትወስደው ጃር ግን የውጭው ጫና ስለሚቀንስ ክዳኑ ይላላል፤ ስትደርስ አንድ በአንድ ፈትሽ።

ጥያቄ፦ ሙቅ ሾርባ ለፍሪጅ ላሽግ ስል ፈልቶ ቱቦው ውስጥ ገባ። እሳት ላይ እንኳ አልነበረም!

መልስ፦ ግፊት ሲቀንስ ውኃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ከመደበኛው አየር ሲሶው ሲቀር 70 ዲግሪ ላይ፣ አንድ ስድስተኛው ሲቀር 55 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ጣትን የሚያቃጥል ሾርባ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ባዶ ቦታውም 4 ወይም 5 ሴንቲ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽም ውስጡ የታመቀውን አየር እየተፋ አረፋ ያነሳል። ቱቦውን በሙቅ ውኃና ሳሙና አጥበሽ አንጠልጥለሽ አድርቂው። ሞተሩ ውስጥ ፈሳሽ ከገባ ማሽኑ ብዙ ዕድሜ የለውም።

ፍሪዘር ከሆነ የምትፈልጊው ትከሻ የሌለው፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ጃር ምረጪ። ሲረጋ ስለሚያብጥ ቦታ ተዪለት፣ ክዳኑን ላላ አድርገሽ በረዶ እስኪሆን ጠብቂና ያን ጊዜ አየሩን ሳቢ።

ጥያቄ፦ ዱቄት ሳሽግ ደመና ሆኖ ከንፈሩ ላይ ይቀመጣል።

መልስ፦ የቡና ማጥለያ ወረቀት ወይም የኬክ ወረቀት በልኩ ቆርጣችሁ ዱቄቱ ላይ አልብሱ። አየር ያሳልፋል፣ ዱቄቱን ይይዛል። ስትሞሉ ጃሩን በየመሃሉ በታጠፈ ፎጣ ላይ መታ መታ አድርጉት፤ የተጠቀጠቀ ዱቄት እንደ ልቅ ዱቄት አይነሳም። ማሽናችሁ በእጅ የሚቆም ከሆነ በአጭር በአጭሩ ሳቡ።

ጥያቄ፦ ነቀዝ በዚህ ይሞታል?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አትመኑ። ሲሶ አየር ሲቀር የኦክስጅኑ መጠን እንደ 7 በመቶ ነው፤ ነቀዝ በዚያ ሊተነፍስ ይችላል። እህሉን መጀመሪያ በከረጢት አድርጋችሁ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ፍሪዘር 4 ቀን አቆዩት። ሲወጣ ከረጢቱን ሳትከፍቱ አንድ ሙሉ ቀን ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ እህል ላይ የክፍሉ እርጥበት ይጠራቀምበታልና ያን ጊዜ ካሸጋችሁት ሻጋታ ነው የምታሽጉት።

ሌላው መንገድ ከምግቡ ጋር ጃር ውስጥ የሚገባ፣ ኦክስጅን የሚመጥ ትንሽ ከረጢት ነው። ባቄላ የሞላ አንድ ሊትር ጃር በፍሬዎቹ መሃል እንደ 400 ሚሊ ሊትር አየር አለው፣ ከዚያ ውስጥ ኦክስጅኑ 84 ያህል ነው፤ ስለዚህ 100 የሚል ከረጢት ይበቃል። ክፍተቱ ለሚበዛ ፓስታ 200 አድርጉ። የተከፈተ እሽግ በደቂቃዎች ውስጥ መሥራት ስለሚጀምር የተረፉትን ወዲያው በትንሽ ጃር አሽጉ። ስኳር ውስጥ አታስገቡ፣ ድንጋይ ይሆንባችኋል። እርጥበት ያለው ምግብ ውስጥማ በፍጹም፤ ምክንያቱ የመጀመሪያው መልስ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ የማርማላታና የሾርባ ማጣፈጫ ጠርሙሶች ብዙ አሉኝ። ይሆናሉ?

መልስ፦ በማሽኑ ቆብ አይሆኑም፣ ልኩ አይገጥምም። አየሩ የሚሳብ ትልቅ የቫኪዩም ሣጥን ካለሽ ግን ጠርሙሱን ክዳኑን ላላ አድርገሽ ሣጥኑ ውስጥ አቁሚና ሣጥኑን ሳቢ፤ አየር ሲመለስ ክዳኑ ይጣበቃል። የክዳኑ ውስጥ ጎማ ሳይሰነጠቅ መቅረት አለበት። ቀጭን ወይም አራት ማዕዘን የጌጥ ጠርሙስ አትጠቀሚ፤ ጠፍጣፋ ጎን ጫናን አይችልም።

ጥያቄ፦ ቡና አሽጌ በማግስቱ ክዳኑ ተነሳ።

መልስ፦ አዲስ የተቆላ ቡና ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋል። ጃሩ ጤነኛ ነው። ለጥቂት ቀን ላላ ባለ ክዳን አቆይተህ አሽገው። በቤት የደረቀ ፍራፍሬ ላይ ክዳን ቢነሳ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በደንብ አልደረቀም፣ እየቦካ ነው፣ ይጣላል። እንዲህ እንዳይሆን የደረቀውን ፍራፍሬ ጃሩ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ሞልተህ ከ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ ናጠው፤ መስታወቱ ላይ ላብ ካየህ ወደ ማድረቂያው መልሰው።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት በዘይትስ?

መልስ፦ አይሆንም። ትኩስ ነጭ ሽንኩርት፣ ትኩስ እንጉዳይና ለስላሳ አይብ ከዚህ ሥራ ይውጡ።

ጥያቄ፦ ጃሮችን ምድጃ ውስጥ አሙቆ ክዳኑ ሲበርድ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ክዳኑ ሊይዝ ይችላል፤ መስታወቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ጃሮች ለደረቅ ምድጃ ሙቀት አልተሠሩም፣ ማሽን ወይም ፓምፕ ካለ ደግሞ ምንም ምክንያት የለውም።

ጥያቄ፦ ክዳኑን ስንት ጊዜ ልጠቀምበት? ስከፍተው ይታጠፍብኛል።

መልስ፦ ለደረቅ ምግብ ማሸጊያ ጠርዙ እስካልታጠፈና ጎማው እስካልተቆረጠ ድረስ ደጋግመሽ ተጠቀሚበት፤ በግፊት ድስት ለሚሠራው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስትከፍቺ የጠርሙስ መክፈቻውን ወደ ላይ አትምዘዢ። የሻይ ማንኪያ ጀርባ ከጠርዙ ሥር አስገቢና ትስ የሚል ድምፅ እስኪሰማ በቀስታ አዙሪው፤ አየር ከገባ ክዳኑ በራሱ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ከታሸገ በኋላ ቀለበቱ ይጥበቅ?

መልስ፦ ጃሩን የምታንቀሳቅሱት ከሆነ ላላ አድርጋችሁ አጥልቁት። መደርደሪያ ላይ ከሆነ አውጡት፤ የለቀቀ ክዳን ቀለበት ከያዘው አይታወቅም። በወር አንዴ በጣታችሁ መሃሉን እየተጫናችሁ እለፉ፣ ቀጭ የሚለውን ለብቻው አውጥታችሁ ቅድሚያ ብሉት ወይም እንደገና ሳቡት።