በኅዳግ የተጻፈ ማስታወሻ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን የምትጀምር አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ናሙናዬ 384 ከሆነ ይበቃኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጥሩ ለቀላል የዕጣ ናሙና (ሁሉም ከአንድ ዝርዝር በቀጥታ በዕጣ ለሚወጣበት) በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን የሚወጣ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ቤተሰብ ለሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያንስ ነግሬ ሸኘኋት። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የእኔው 120 ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ደጀን አካባቢ የ120 ቤተሰቦችን የጤፍ ምርት አጠናሁ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአማራ ክልል መሬት ተሸንሽኖ ስለነበር ገበሬው የይዞታውን ልክ መናገር ይፈራል ብዬ ማሳውን ሁሉ በገመድ አስለካሁ፤ በዚህም እጅግ ኮራሁ። እህሉን ግን «ስንት ኩንታል አገባችሁ?» ከማለት በቀር አልመረመርኩም። ሲሰላ የእማወራዎቹ ምርት በሄክታር ከአባወራዎቹ ግማሽ ገደማ ሆነ። አማካሪዬ ተደሰቱ፤ እኔም ስለ ማዳበሪያ እጥረት ሃያ ገጽ ጻፍኩ።

ከዓመታት በኋላ ቤት ስቀይር የድሮ መጠይቆቼን ከካርቶን አወጣሁ። ከመረጃ ሰብሳቢዎቼ አንዱ፣ የቀረበለትን ጠላ ሳይጨርስ የማይነሳና በዚህም ሁልጊዜ የምቆጣው ልጅ፣ በየኅዳጉ በእርሳስ «የእኩል ነው» ብሎ ጽፏል። ባሏ የሞተባት ሴት በሬም አራሽም ስለሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ስትጠየቅ የተናገረችው ወደ ጎተራዋ የገባውን እኩሌታ ሲሆን፣ እኔ ያንን ለመላው መሬቷ አካፈልኩት። ልጁ ጠላውን እየጠጣ የሰማውን ጽፎልኝ ነበር፤ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባሁት ግን በመጠይቁ የመልስ ሣጥን ውስጥ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። ጽሑፉ ዛሬም በቤተ መጻሕፍቱ አለ፤ ማረሚያ አላስገባሁበትም።

መጠይቅን አስቀድሞ መሞከርን ሁሉም ይነግራችኋል። እኔ የምለምናችሁ በየማታው መረጃ ሰብሳቢውን አስቀምጣችሁ መልሱ እንዴት እንደተገኘ እንድትጠይቁት ነው። የዛሬ ልጆች መልስ የምትሞሉበትን ታብሌት ታምናላችሁ፤ ታብሌቱ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ ቁጥር አልቀበልም ይላል፣ ግማሽ ምርት ግን ከመጠኑ አያልፍም። ትቸኩላላችሁም፤ እውነቱን ለመናገር እኛም እንቸኩል ነበር፣ ብቻ መኪና አልነበረንም።

ትናንት ተማሪዋን መጠይቋን ይዛ እንድትመጣ ደወልኩላት። አራተኛው ጥያቄ «ስንት በሬ አላችሁ?» ይላል፤ ባለ አንድ በሬው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ፣ በሬ ከበሬ አጣምሮ፣ እንደሚያርስ የሚሞላበት ቦታ የለውም።