ዲጂታል ማሰራጫ እንግዛ ወይስ ታወራችንን እንጠግን?

የአንባብያን ጥያቄ፣ የባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ በአንድ የወረዳ ከተማ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ውስጥ ነው የምንሠራው። ማሰራጫችን 500 ዋት ኤፍኤም ነው፤ ከማሰራጫው እስከ አንቴናው ያለው ኬብል ወደ 50 ሜትር ይሆናል። አንድ ዕቃ አቅራቢ «ኤፍኤም በየአገሩ እየተዘጋ ነው፤ ሳይረፍድባችሁ ወደ ኤችዲ ሬዲዮ ግቡ» ብሎ የዲጂታል ማሰራጫ ፕሮፎርማ ሰጠን። ከለጋሽ የተገኘ ገንዘብ በእጃችን አለ፤ ቦርዱ ግን ለሁለት ተከፍሏል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ገንዘቡን ለኤችዲ አታውጡት። ቦርዱ ፊት ለማስረዳት እንዲመቻችሁ ምክንያቱን ዘርዘር እናድርገው።

አቅራቢው አልዋሸም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ኖርድላንድ ከተባለው ሰሜናዊ ግዛቷ ጀምራ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም አውርዳለች። የስዊዘርላንድ የሕዝብ ጣቢያም በ2024 ማብቂያ ኤፍኤሙን ዘግቷል። ያልነገራችሁ ግን ሁለቱም የገቡት ዳብ ፕላስ ወደተባለው ሌላ ዓይነት ዲጂታል ሬዲዮ እንጂ ወደ ኤችዲ አለመሆኑን ነው። ኖርዌይ ውስጥ ብዙ የየአካባቢው ትንንሽ ጣቢያዎች ኤፍኤም ላይ ቀርተዋል። ኤችዲ በዋናነት የአሜሪካ ቴክኖሎጂ ነው፤ የአገሩ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የፈቀደው በ2002 ሲሆን ኤፍኤምን አላስዘጋም፣ ከጎኑ ተለጥፎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ «ኤፍኤም ሊዘጋ ነውና ኤችዲ ግዙ» ሲባል ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተሰፍተዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሰሚው ዘንድ ሂዱ። በገበያ ቀን አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይውጣና ሬዲዮ የሚሰማውን ሁሉ በምን እንደሚሰማ ይመዝግብ። የምታገኙት ባለ ባትሪ ሬዲዮ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ እንደ አንቴና የሚጠቀም ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ቴፕና የመኪና ሬዲዮ ነው። ከጃፓን አገልግለው ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ሬዲዮአቸው የተሠራው ለጃፓን ሞገድ፣ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ላለው ስለሆነ እኛ አገር ከዚያ በላይ ያሉትን ጣቢያዎች የሚሰሙት ሞገድ መቀየሪያ ተገጥሞላቸው ነው። ኤፍኤሙን እንኳ በመቀየሪያ ለሚሰማ ሾፌር ኤችዲ ብታሰራጩለት ምንም አይደርሰውም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ ሬዲዮ የተገጠመለት አዲስ መኪና ሁሉ ዲጂታል ሬዲዮ መቀበያ እንዲኖረው አስገድዷል። እኛ ዘንድ ይህን የመሰለ ነገር የለም።

አሁን ወደ ማሽኑ። ኤችዲ ከኤፍኤም ሞገዳችሁ ግራና ቀኝ፣ ከመሐሉ ከ129 እስከ 198 ኪሎኸርዝ ርቆ፣ ሁለት ዲጂታል ጭራ ይጨምራል። ጠቅላላ ስፋቱ 400 ኪሎኸርዝ ያህል ይሆናል፤ ጎረቤት ጣቢያ ቅርብ ፍሪኩዌንሲ ላይ ካለ ጭራው ሊረብሸው ስለሚችል ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ የሚሞከር ነገር አይደለም። የዲጂታሉ ኃይል ከኤፍኤሙ መጀመሪያ 1 በመቶ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ በ2010 እስከ 10 በመቶ ከፍ እንዲል ተፈቀደ። በእናንተ 500 ዋት ሲሰላ ከ5 እስከ 50 ዋት ነው።

«50 ዋት ብቻ?» ማለት ግን አይገባም። ተራ የኤፍኤም ማጉያ የሚሠራው ድምፁ የሞገዱን ከፍታ ስለማይለውጥ ነው፤ ዲጂታሉ ደግሞ ከፍታውም ይለዋወጣል። ስለዚህ ያላችሁ ማሰራጫ አዛብቶ ያወጣዋል። አንዱ መንገድ ሁለተኛ ማሰራጫ ገዝቶ ሁለቱን በ10 ዲቢ ማጣመሪያ አንድ አንቴና ላይ ማገናኘት ነው። ይህ ማጣመሪያ ከዲጂታሉ 90 በመቶውን፣ ከኤፍኤሙ ደግሞ 10 በመቶውን ሙቀት አድርጎ ይጥለዋል። 50 ዋት ዲጂታል አንቴናው ላይ ለማድረስ 500 ዋት ዲጂታል ማሰራጫ ያስፈልጋል፤ 450ው ዋት ክፍሉን ያሞቃል። ኤፍኤማችሁ 500 ሆኖ እንዲቀጥልም 555 ዋት ማመንጨት አለበት። ፕሮፎርማው ላይ ማጣመሪያው፣ ኃይል መጣያ ሎዱ፣ የክፍሉ ማቀዝቀዣና ለቴክኖሎጂው ባለቤት የሚከፈለው የፈቃድ ዋጋ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ሌላው መንገድ ሁለቱንም አብሮ የሚያጎላ ማሰራጫ መግዛት ነው፤ እሱም ከተራው ኤፍኤም ይልቅ ለእያንዳንዱ ዋት ብዙ መብራት ይበላል።

ሌላ ጣጣም አለው። ዲጂታሉ ወደ 8 ሰከንድ ስለሚዘገይ ኤፍኤሙም ሆን ተብሎ በዚያው ልክ ይዘገያል። ልኬቱ ትንሽ ከተንሸራተተ ዳር ላይ ያለው ሰሚ ሬዲዮው ከዲጂታል ወደ ኤፍኤም ሲዘል አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል ወይም ይዋጥበታል። ጋዜጠኛውም የራሱን ድምፅ ከአየር ላይ እየሰማ መሥራት አይችልም።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይግባ? ከኬብሉ ጀምሩ። 50 ሜትር ርቀት ላይ አርጂ-213 የተባለው ቀጭን ኬብል ከ500 ዋት ውስጥ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይበላል። የግማሽ ኢንቹ የፎም ኬብል ወደ 390 ዋት ያደርሳል፤ የ7/8 ኢንቹ ወደ 435። ኬብል መቀየር ብቻውን አዲስ ማሰራጫ ከመግዛት ጋር የሚተካከልበት ጊዜ አለ።

ከዚያ አንቴናው። አንድ ዳይፖል፣ ማለትም አንድ የአንቴና ክፍል፣ ብቻ ከሆነ አራት ብታደርጉት ወደ አድማሱ የሚሄደው ኃይል አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ የመብራት ቆጣሪው ግን ፈቅ አይልም። መጀመሪያ ፈቃዳችሁ ላይ የተጻፈውን የኃይል ጣሪያ ተመልከቱ፤ ታወሩም የነፋሱን ጫና መቻሉን አስመርምሩ። ሲገጠም የሚበላሸው አንድ ቦታ ነው፦ ከማከፋፈያው ወደ አራቱ ዳይፖሎች የሚሄዱት ኬብሎች እኩል ካልሆኑ። በ100 ሜጋኸርዝ አንዱ ኬብል 1 ሜትር ቢያጥር ያ ዳይፖል ከሌሎቹ ጋር ተቃራኒ ሆኖ ይሠራል፤ ሦስቱ ሲገፉ እሱ ይጎትታል። አንዱን ዳይፖል ገልብጦ መስቀልም ውጤቱ ያው ነው። የማሰራጫው መስኮት ሁሉን ደህና እያለ «ከተራራው ወዲያ አይሰማም» የሚል ስልክ ከበዛ ይህን ጠርጥሩ። ኬብሎቹን መሬት ላይ ዘርግቶ በሜትር ለክቶ፣ ዳይፖሎቹንም ወደ አንድ አቅጣጫ በቀለም ምልክት አድርጎ መስቀል ነው።

ተመላሽ ኃይሉን፣ ከአንቴናው ወደ ማሰራጫው የሚመለሰውን፣ በየቀኑ ጠዋትና ቀትር መዝግቡ። ከ500 ዋት 20 ቢመለስ 4 በመቶ ነው፤ ክትትል ይፈልጋል። 55 ሲደርስ ብዙ ማሰራጫ ራሱን ለማትረፍ ኃይሉን ይቀንሳል ወይም ይዘጋል። ዝናብ ባደረ ማግስት ጠዋት ከፍ ብሎ ፀሐይ ስትበረታ የሚወርድ ከሆነ ኮኔክተር ውስጥ ውሃ ገብቷል። መድኃኒቱ ኮኔክተሩን ፈትቶ ማድረቅ፣ የዛገውን መተካት፣ እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሎ በላዩ ተራ ጥቁር ቴፕ መደረብ ነው። ከላይ ወደ ታች የተጠቀለለ ቴፕ ውሃውን እንደ ጣሪያ አያወርደውም፤ ያቁረዋል። ገንዘብ ከተረፈ የመሬት መቅበሪያው ከ10 ኦም በታች መሆኑን አስለኩ፤ ቀጥሎ ስታቢላይዘር።

ጥያቄ፦ አዲሱ ማሰራጫችን ላይ «ዲጂታል» ተጽፏል። ዲጂታል ሬዲዮ ሆንን ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ማሰራጫው ውስጥ የኤፍኤም ሞገዱን የሚፈጥረው ክፍል በቁጥር ስሌት ይሠራል ለማለት ነው። ከአንቴናው የሚወጣው ያው ኤፍኤም ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ማስታወቂያ ላይ «የመጀመሪያው ዲጂታል ሬዲዮ» ብላችሁ አታስነግሩ እንጂ።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሳምንታዊ የአማርኛ ፕሮግራም እናዘጋጃለን። አንድ ኤፍኤም ጣቢያ ኤችዲ-2 የተባለውን፣ በዲጂታሉ ላይ ብቻ የሚሄደውን ሁለተኛ ቻናሉን፣ ሙሉ ቀን ሊያከራየን ፈቃደኛ ነው። ያዋጣናል?

መልስ፦ የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቻናሉ ትራንስሌተር አለው? አሜሪካ ውስጥ ኤችዲ-2 ላይ ያለን ፕሮግራም እስከ 250 ዋት በሚደርስ ትንሽ ትራንስሌተር በተራ ኤፍኤም መልሶ ማሰራጨት ይፈቀዳል። ካለው በተግባር የምትከራዩት ትንሽ ኤፍኤም ነው፤ ማንኛውም ሬዲዮ ይስበዋል። ከሌለው ሰሚያችሁ በአብዛኛው ኤችዲ ያለው መኪና የሚነዳ ሰው ነው፤ እናት ወጥ ቤት ውስጥ ባለችው ሬዲዮ አትሰማችሁም።

ኤችዲ-1፣ የኤፍኤሙ ፕሮግራም በዲጂታል የሚሄድበት፣ ሲደክም ሬዲዮው ወደ ኤፍኤሙ ይመለሳል። ኤችዲ-2 ግን የሚመለስበት የለውም፤ ሲጠፋ ዝም ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ኤችዲ ያለው መኪና ይዛችሁ ሰሚዎቻችሁ በሚኖሩበት፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ንዱ፤ ድምፁ የተቆረጠበትን መንገድ ሁሉ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይግባ። አንደኛ የቢት መጠኑ በቁጥር። በመደበኛው አሠራር የጣቢያው ዲጂታል አቅም በጠቅላላው ወደ 96 ኪሎቢት በሰከንድ ነው፤ ዛሬ 48 ሰጥቷችሁ ነገ ኤችዲ-3 ሲከፍት ድርሻችሁን ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛ ቻናሉ ሲቋረጥ ኪራዩ እንዴት እንደሚታሰብ፤ የኤችዲ-2 መጥፋት ከናንተ በፊት የሚያስተውለው ሰው ላይኖር ስለሚችል አንድ መቀበያ ከዝምታ ማንቂያ ጋር ቤታችሁ ይኑር። ሦስተኛ ትራንስሌተሩ ቢወርድ የሚሆነው። ትራንስሌተር ሁለተኛ ደረጃ አገልግሎት ነውና ዋና ጣቢያ ላይ ጣልቃ ከገባ ቦታ መልቀቅ ያለበት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገር ነን። ለማኅበረሰባችን በአነስተኛው ዳብ ላይ የአማርኛ ጣቢያ መክፈት እናስባለን። ስለ ዲጂታል የምትጽፉት ሁሉ «አትግቡ» ነው ወይ?

መልስ፦ እናንተስ ግቡ። እዚያ መቀበያው ቤትም መኪናም ውስጥ አለ፤ ታወርና ማሰራጫም አትገዙም። አነስተኛው ዳብ በ2015 በአሥር ቦታዎች ተሞክሮ የተስፋፋ ነው፤ አንዱ ኦፕሬተር ማሰራጫውን ያቆማል፣ ጣቢያዎቹ ቦታ ይከራያሉ። ከአገሩ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ከኦፍኮም የሚያስፈልጋችሁ ለማኅበረሰብ ጣቢያ የሚሰጠው ሲ-ዲኤስፒ የተባለው ፈቃድ ነው። በየመልቲፕሌክሱ፣ ማለትም ብዙ ጣቢያዎችን አብሮ በሚይዘው የጋራ ሞገድ ላይ፣ ለእነዚህ ጣቢያዎች የተጠበቀ ቦታ ስላለ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

በተለመደው የስህተት መከላከያ ደረጃ አንድ መልቲፕሌክስ 1152 ኪሎቢት ይይዛል፤ በ64 ኪሎቢት 18 ጣቢያ፣ በ32 ደግሞ 36። ለንግግር 32 ይበቃል። ሙዚቃችሁ የሠርግ ዘፈን ከሆነ ግን 48 ተከራዩ፤ ጭብጨባና እልልታ ለመጭመቂያው ከሁሉ የሚከብዱት ድምፆች ናቸው፣ በ32 ላይ እልልታው ፏፏቴ ይመስላል። ከኢንተርኔት የወረደ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ተጭኖ እንደገና ሲጨመቅ ደግሞ ይብሳል። ዘፈኖቹን ከዋናው ቅጂ ባልተጨመቀ ፋይል፣ በዋቭ፣ አስቀምጡ።

ስክሪኑ ላይ የሚሄደው ጽሑፍ 128 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 42 ፊደል ብቻ ይገባል፤ ብዙው መቀበያም ፊደሉ የለውምና ጥያቄ ምልክት ይደረድራል። የጣቢያውን ስም በላቲን ጻፉና አማርኛውን በስላይድ ሾው፣ 320 በ240 ፒክስል ምስል አድርጋችሁ ላኩት። ባለ ቀለም ስክሪን ያለው ሬዲዮ ላይ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ አንድ ስላይድ ላይ ከአራት መስመር በላይ አትጫኑ።

ጥያቄ፦ ለዲጂታል አቅም ከሌለን ኢንተርኔት አይሻልም ወይ? ሰሚው ዳታ ያልቅብኛል ብሎ ይፈራል።

መልስ፦ ከኤፍኤሙ ጋር ጎን ለጎን አዎ። በ32 ኪሎቢት አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሰማ 14.4 ሜጋባይት ነው፤ ይህን ቁጥር አየር ላይ ንገሯቸው፣ ፍርሃቱ ይቀላል። ስህተቱ የሚሠራው ሰሚዎችን በቀጥታ ከስቱዲዮ መስመር ማገናኘት ላይ ነው። 100 ሰው ቢገባ 3.2 ሜጋቢት ወደ ውጭ ይፈሳል፤ መስመራችሁ ይታነቃል። ከስቱዲዮ አንድ ፍሰት ብቻ ውጭ ወዳለ ሰርቨር ላኩ፤ አይስካስት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለሁሉም ያከፋፍለዋል። እዚያው የሰርቨሩ ማስተካከያ ላይ «መጠባበቂያ» የሚባለውን ቦታ ሙሉ፦ ስቱዲዮው መብራት ሲጠፋበት ሰርቨሩ የተቀዳ ሙዚቃ ያጫውታል፣ መብራት ሲመጣ ሰሚው እንደገና ሳይጫን ወደ ቀጥታው ይመለሳል። የተቀዳው ፋይል የቢት መጠኑም ዓይነቱም ከቀጥታው ጋር አንድ ካልሆነ ግን ስልኩ ላይ ይቋረጣል።